በ20 ሳምንቴ «የልጁ ጭንቅላት ላይ ውሃ አለ» ተባልኩ፣ 11 ሚሊ ማለት ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያዬ_ነው

ሰላም እህቶቼ፣ በተለይ የወለዳችሁና ጤና ባለሙያ የሆናችሁ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። 29 ዓመቴ ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፣ የምኖረው አዳማ ነው። ክትትሌን የጀመርኩት ጤና ጣቢያ ነው፣ እዛ በሶስተኛ ወሬ አልትራሳውንድ አይተውኝ ልቡ ይመታል፣ አንድ ነው፣ ቦታው ላይ ነው ብለውኝ ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። ከዛ የአክስቴ ልጅ አምስተኛ ወር ላይ ረጋ ብሎ የሚያይ ሰው ጋ አንዴ መታየት አለብሽ ስላለችኝ 20 ሳምንት ሲሞላኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ።

ዶክተሩ መጀመሪያ እያወራኝ ነበር፣ ጭንቅላቱ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ወደ ሆዱ ይሄድና ተመልሶ ወደ ጭንቅላቱ ይመጣል። በመጨረሻ «ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ውሃ አለ፣ አሁን ምንም ማለት አይቻልም፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ነይና እናየዋለን» አለኝ፣ በቃ። በር ላይ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ እኔም ደንግጬ ምንም ሳልጠይቀው ወጣሁ። ወረቀቱ ላይ ማይልድ ቬንትሪኩሎሜጋሊ 11 ሚሊ ይላል። ሽርት ውሃው ኖርማል፣ እንግዴ ልጁ ኖርማል፣ ኩላሊት ኖርማል፣ የልቡ አራቱም ክፍል ይታያል ይላል፣ አከርካሪው ግን በልጁ አተኛኘት ምክንያት በደንብ አልታየም ብሎ ጽፏል።

ባለቤቴ ማታ ስልኩ ላይ ሃይድሮሴፋለስ ብሎ ሲፈልግ የወጣውን ፎቶ አይቼ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አማቴ መሳሪያ ይሳሳታል ጠበል ጠጪ ትለኛለች፣ ለእናቴ ደግሞ ገና አልነገርኳትም ደም ግፊት አለባት። 11 ሚሊ ብዙ ነው ወይ? ዳውን ሲንድሮም ማለት ነው? ፎሊክ አሲድ የጀመርኩት ማርገዜን ካወቅኩ በኋላ ነው፣ በሱ ይሆን እንዴ የመጣው? አራት ሳምንቱን ልጠብቅ ወይስ አዲስ አበባ ልምጣ? ደጋግሞ አልትራሳውንድ መታየትስ ልጁን አይጎዳውም? እባካችሁ በደንብ የምታውቁትን ንገሩኝ።


ብሌን_ሲኤምሲ

አይዞሽ የኔ ውድ፣ እኔ ስለ ህክምናው አላውቅም ግን ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው፣ የትም ብትሄጂ የመጀመሪያውን ውጤት ይጠይቁሻል። እዚህ ቤት ራዲዮሎጂ የሚማር ልጅ አለ፣ አሁን መልዕክት ልኬለታለሁ። ባለቤትሽንም ፎቶ መፈለጉን አስቁሚው በናትሽ።


ራዲዮ_ሬዚደንት

ብሌን አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ዶክተርሽ ያየውን እኔ አላየሁም፣ የምጽፈው በወረቀቱ ላይ በነገርሽን ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ስለ ፎቶዎቹ። ኢንተርኔት ላይ የሚወጡት አብዛኞቹ ከተወለዱ በኋላ ህክምና ሳያገኙ ለወራት የቆዩ ህፃናት ናቸው፣ ካንቺ ወረቀት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የሁላችንም አንጎል ውስጥ ውሃ አለ። ግራና ቀኝ ላተራል ቬንትሪክል የሚባሉ ክፍሎች አሉ፣ ፈሳሹ እዛ ይመነጭና ዞሮ በአከርካሪውም አልፎ ይመጠጣል። አልትራሳውንድ ላይ የምንለካው የዚህን ክፍል የኋለኛ በኩል ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ከ10 ሚሊ በታች ከሆነ በ15 ሳምንትም ይሁን በ38 ሳምንት ኖርማል ነው። ከ10 እስከ 12 ቀላል፣ ከ13 እስከ 15 መካከለኛ፣ ከ15 በላይ ሲሆን ከባድ ይባላል። ያንቺ ቀላል የሚባለው ውስጥ ነው፣ ወረቀትሽ ላይ ማይልድ ቬንትሪኩሎሜጋሊ ያለው የነዚህ ክፍሎች ቀለል ያለ መስፋት ማለት ነው። ደሞ ልኬቱ ራሱ በጣም ስስ ነገር ነው፣ ካሮት ቀጥ አርገሽ ስትቆርጪውና ሰያፍ ስትቆርጪው ፊቱ እንደሚሰፋው ሁሉ ምስሉ ትንሽ ከተጋደመ 9ኙ 11 ሆኖ ይወጣል። ወንድ ከሆነ ደግሞ ከሴት ትንሽ ሰፋ ይላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በተለካ 11 ማንም ሰው ፍርድ አይሰጥም።

ከ10 እስከ 12 ሆኖ ሌላ ምንም ችግር የሌለባቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደማንኛውም ልጅ ነው የሚያድጉት። ግን «ሌላ ምንም ችግር የሌለባቸው» የሚለውን ቃል ልብ በይልኝ፣ ያ ቃል የሚባለው ሌላው ሁሉ አንድ በአንድ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ከወረቀትሽ እኔ ያሰመርኩበት መስመር 11 የሚለው አይደለም፣ አከርካሪው በደንብ አልታየም የሚለው ነው። ምክንያቱም በኛ አገር ጭንቅላት ላይ ውሃ ሲኖር ወዲያው ማጣራት ያለብን ስፓይና ቢፊዳን ነው፣ ማለትም ጀርባው ላይ አከርካሪው ሳይገጥም ቀርቶ ህብለ ሰረሰሩ ክፍት የሚሆንበት። ክፍት ከሆነ የኋላኛው አንጎል ወደታች ይሳብና የፈሳሹን መንገድ ይዘጋዋል፣ ውሃው የሚጠራቀመውም በዚህ ነው።

ጥሩው ነገር ልጁ ጀርባውን ባይሰጠንም ጭንቅላቱ ራሱ ብዙ ይነግረናል። ሴሬቤለም የሚባለው ትንሹ አንጎል ወደ ታች ሲሳብ ቅርፁ ይታጠፋል፣ የሙዝ ምልክት እንለዋለን፣ የግንባሩ አጥንት ደግሞ ግራና ቀኝ ገባ ብሎ የሎሚ ቅርፅ ይይዛል። እነዚህ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቁ ናቸው፣ 20 ሳምንት ላይ ደግሞ በጣም ጥሩ ይታያሉ። ስለዚህ ድጋሚ ስትታዪ ሳታፍሪ «ሴሬቤለሙ ኖርማል ነው? ከኋላው ያለው ውሃ፣ ሲስተርና ማግና፣ አለ? ኮርፐስ ካሎሰም፣ ግራና ቀኝ አንጎልን የሚያገናኘው ድልድይ፣ ታየ? አከርካሪው እስከ ታች ቆዳው ተሸፍኖ ታየ?» ብለሽ ጠይቂ። ስልክሽ ላይ ጽፈሽው ሂጂ።

አራት ሳምንት አትጠብቂ። ውሃው ይጨምራል ወይ የሚለውን ለማየት ከሆነ አራት ሳምንት ልክ ነው፣ ያልታየ አከርካሪን ለማየት ግን በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው መሆን አለበት። ልጁ ይገለበጣል እኮ፣ አንዳንዴ እናትየዋ ወጣ ብላ ተራምዳ በልታ ስትመለስ ተዟዙሮ እናገኘዋለን። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ያለው ጊዜ ለዚህ ምርመራ የተመረጠው በምክንያት ነው፣ አካሉ ለመታየት በቅቷል አጥንቱ ደግሞ ገና ጥላ አይጥልም። ወደ አዲስ አበባ የምትመጪ ከሆነ ማተርናል ፊታል ሜዲስን (የእናትና የፅንስ ህክምና) የሚባለውን ንዑስ ስፔሻሊቲ የጨረሰ ሐኪም ፈልጊ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህ ትምህርት ራሱ የሚሰጥበት ነው፣ በግልም የሚሰሩ አሉ። ሪፈር ከጤና ጣቢያሽ አጽፊ።

ዳውን ሲንድሮም ላልሽው፣ እንዲህ ቀላል ወይም መካከለኛ ሆኖ ሌላ ነገር ካልታየባቸው ውስጥ 5 በመቶ አካባቢ የክሮሞዞም ችግር ይገኝባቸዋል፣ ዳውን ሲንድሮም አንዱ ነው። ትንሽ ነው ግን ዜሮ አይደለም። አልትራሳውንድ ብቻውን ዳውን ሲንድሮም አለ ወይም የለም ብሎ መወሰን አይችልም። ኤንአይፒቲ የሚባል ከእናት ክንድ በሚወሰድ ደም የሚሰራ ምርመራ አለ፣ ከ10 ሳምንት በኋላ በማንኛውም ጊዜ ይሰራል፣ እዚህ ብዙ ጊዜ ናሙናውን ወደ ውጭ ነው የሚልኩት ዋጋውም ከባድ ነው። እሱም ማጣሪያ ነው፣ ቁርጡን የሚነግርሽ ከ15 ሳምንት በኋላ ከሽርት ውሃው በመርፌ የሚወሰደው አምኒዮሴንቴሲስ ነው። ይሄን ሁሉ አሁን አትሸከሚው፣ ዝርዝር አልትራሳውንዱ ሲያልቅ ነው የሚወሰነው። ከዛ በፊት ቶክሶፕላዝማና ሲኤምቪ የሚባሉ ኢንፌክሽኖችን የደም ምርመራ ያዙልሽ ይሆናል፣ እነሱም ጭንቅላት ላይ ውሃ ያመጣሉ።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ የድምፅ ሞገድ ነው። ለህክምና ምክንያት ተደጋግሞ መታየቱ ልጅን እንደጎዳ የተረጋገጠ ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ አትጨነቂ።


እናት_ዓለም

ልጄ አይዞሽ። እኔ አራት ወልጃለሁ አንዱንም በመሳሪያ አላየሁትም፣ ሁሉም እግዜር ይመስገን ደህና ናቸው። የዛሬ ልጆች ሆዳችሁን ከፍታችሁ ሳታዩ አታድሩም፣ ትርፉ ጭንቀት ነው። የእናት ጭንቀት ደግሞ ለልጅ አይሆንም። አሁን አይተሽ ምን ልታደርጊ ነው? ጠበልሽን ጠጪ፣ ወደ እመቤቴ ፀልዪ፣ በደንብ ብዪ፣ ማርያም በሰላም ትገላግልሽ።


የሶልያና_እናት

እናት ዓለም እርስዎን በጣም አከብራለሁ፣ ምክርዎም ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን «አይተሽ ምን ልታደርጊ ነው» ላሉት መልሱ እኔ ቤት ውስጥ ስላለ ልመልስልዎት።

የኔ ልጅ ስፓይና ቢፊዳ አለባት። የተወለድኩት ያደግኩት ደሴ ነው፣ ያረገዝኩትም እዛው ነው። ክትትሌን አንድም ቀን አላቋረጥኩም፣ አልትራሳውንድም ታይቻለሁ ግን የሚያዩት ወሩንና ልቡን ነበር፣ ጀርባዋን ያየልኝ ሰው የተገኘው ሰባተኛ ወሬ ላይ ነው ያውም ለሌላ ነገር ሪፈር ተብዬ። ያኔ አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ሐኪሟ አንድ ነገር አለችኝ፣ «አሁን ማወቃችን የት እንደምትወልጂ ይወስናል»። ወንድሜ አዲስ አበባ ስለሚኖር ከመውለዴ በፊት እሱ ጋ መጥቼ ተቀመጥኩ፣ የህፃናት አንጎልና ነርቭ ቀዶ ህክምና ያለበት ሆስፒታል ነው የወለድኩት። ስትወለድ ጀርባዋ ላይ ያለውን በእርጥብ ንፁህ ፋሻ ሸፍነው በሆዷ አስተኟት እንጂ ማንም በእጁ አልነካውም፣ ወዲያው በቀናት ውስጥ ተዘጋላት። በኋላ ሻንት ገባላት፣ ውሃውን ከጭንቅላት ወደ ሆድ የሚወስድ ቀጭን ቱቦ ነው ከውጭ አይታይም።

ያኔ ዋርድ ውስጥ አጠገቤ የነበሩ እናቶች ከሩቅ የመጡ ናቸው። ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ወልደው፣ ጀርባውን ሲያዩ ደንግጠው፣ ቅቤና ምን ምን ቀብተው፣ ብር እስኪያገኙ ቆይተው ሲመጡ ቁስሉ ኢንፌክሽን ሆኖ ነበር። የዛ ኢንፌክሽን ወደ አንጎል ይገባል። ቀዶ ህክምናው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ውስጥ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ከነሱ ጋር የነበረን ልዩነት ገንዘብም እውቀትም አልነበረም እናቴ፣ እኔ አስቀድሜ ስለታየልኝ ብቻ ነው።

ሶልያና አሁን ትምህርት ቤት ናት። በድጋፍ ጫማና በክራንች ትሄዳለች፣ ሽንቷን በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ፣ ነው የማወጣላት አሁን ራሷ እየተማረች ነው፣ ከክፍሏ ልጆች በንባብ የሚቀድማት የለም። ጠያቂዋ እህቴ ይሄን የጻፍኩት ያንቺም እንደዛ ነው ለማለት አይደለም፣ ሬዚደንቱ እንዳለው ያንቺ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ግን አከርካሪውን ሳታሳዪ አትቀመጪ። እኔ ያን ያህል ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ የሚያስፈልገኝን ብር ቀስ ብዬ እቆጥብ ነበር፣ ባለቤቴም ሥራ ቦታው ተነጋግሮ ይዘጋጅ ነበር።

ዘውዲቱም ጥቁር አንበሳም ሆስፒታል የህፃናት ኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ህክምና) አለ፣ አያድርገውና አንድ ነገር ከተገኘ ከመውለድሽ በፊት ከነሱ ጋር መነጋገር ይቻላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።


ሚድዋይፍ_ነኝ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሰራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የሶልያናን እናት ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው ምክንያቱም እኛ ጋ የሚሆነው እሱ ነው። የኛን አልትራሳውንድ ሰው በደንብ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። እኛ አጭር ስልጠና ወስደን በትንሽ ማሽን የምናየው ልጁ ስንት ነው፣ ልቡ ይመታል ወይ፣ ስንት ሳምንት ነው፣ እንግዴ ልጁ የት ነው፣ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በጭንቅላት ነው በእግር የሚመጣው የሚለውን ነው። ይሄ የሰው ነፍስ ያድናል፣ መንታ ሳይታወቅ ምጥ የሚመጣበት ጊዜ እየቀረ ነው። ግን እኛ «ደህና ነው» ስንል «እኛ ያየነው ደህና ነው» ማለታችን ነው፣ እናትየዋ ግን ሙሉ አካሉ ታይቶ እንደተነገራት አርጋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እኔ አሁን ለሁሉም እናት በቃል እነግራለሁ፣ የአካል ጉድለት የሚታየው ሌላ ምርመራ ነው፣ ግማሽ ሰዓትና ከዛ በላይ ይወስዳል፣ አቅም ካለሽ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው አሰሪው እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ትታይ ያለው ለዚህም ጭምር ነው። በኛ በኩል ያለው ችግር ብዙ እናቶች አፍ እንዳይገባባቸው ብለው እርግዝናውን ደብቀው የሚመጡት ሆዳቸው ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው፣ ያኔ ጊዜው አልፏል።

ፎሊክ አሲድ ላልሽው እህቴ ራስሽን አትውቀሺ። ጀርባና ጭንቅላት የሚሆነው ክፍል የሚዘጋው ከተፀነሰ በ4 ሳምንት ውስጥ ነው፣ ብዙዋ ሴት ያኔ ወር አበባዬ ዘገየ እያለች ነው። እኛ የምንሰጠው አይረን ፎሌት ላይ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው ጥሩ ነው ግን እናቲቱ እኛ ጋ ስትደርስ ለዛ ነገር ጊዜው አልፏል። ለዚህ ነው ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት መጀመር አለባት የሚባለው፣ ፋርማሲ ውስጥ ርካሽ ነው። እንደ ሶልያና እናት አንዴ ያጋጠማት ደግሞ በጣም ከፍ ያለ መጠን፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም፣ ከማርገዝ በፊት ጀምራ በሐኪም ትዕዛዝ ትወስዳለች፣ ይሄ ድጋሚ እንዳይመጣ 70 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ያንቺ ግን ቬንትሪክሉ ብቻ ከሆነ ከፎሊክ አሲድ ጋር አይገናኝም፣ የሚገናኘው አከርካሪው ክፍት ከሆነ ነው።

አንድ ሁሌ የሚያንገበግበኝን ልጨምር። አገራችን ይሄ የጀርባና የጭንቅላት ችግር ከብዙ አገር በላይ የሚገኝባት ናት። በ2014 ዓ.ም የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ግዴታ ተደርጓል፣ በጣም ደስ የሚል ነው፣ ግን ገበሬ ቤት የሚበላው በየወፍጮ ቤቱ የሚፈጨው ጤፍና ገብስ ነው፣ የፋብሪካ ዱቄት አይደለም። ስለዚህ ክኒኑን ማግባት ያሰቡ ልጆች እጅ ማድረስ አለብን፣ ሰርግ ላይ ለሙሽራዋ ብንሰጥ ደስ ይለኛል ከልቤ ነው የምለው።

እና ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፣ ይቅርታ ከከበደሽ ዝለዪው። አንዳንዴ በዚህ ምርመራ መኖር የማይችል ልጅ ይታያል፣ ለምሳሌ የራስ ቅሉና አንጎሉ ያልተሰራ፣ እሱ በሶስተኛ ወር ላይም ይታያል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 551 የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ላለበት ፅንስ እርግዝናውን በጤና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። መቀጠልም መብት ነው፣ ተሸክማ ወልዳ አቅፋው የተሰናበተችም እናት አውቃለሁ። የትኛውንም የሚመርጡት እናትና አባት ናቸው፣ እኛ አይደለንም፣ ግን አስቀድሞ ከታወቀ ነው ምርጫ የሚሆነው። ጠያቂዋ ያንቺ ነገር እዚህ ውስጥ የሚገባ አይደለም፣ ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ነው።

አማትሽ ያሉሽን ጠበል ደሞ ጠጪ፣ ከምርመራው ጋር አይጣላም። ክኒንሽን ብቻ እንዳታቆሚ።


ከኔታንያ

ሻሎም፣ እኔ እስራኤል ነኝ። እዚህ ስክራት ማዕራኾት ይሉታል የአካል ክፍሎችን ሁሉ ማየት ማለት ነው፣ ሁለቴ ነው የሚሰራው፣ መጀመሪያ ከ14 እስከ 17 ሳምንት ከዛ ደግሞ ከ20 እስከ 24። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ በመጀመሪያው ሁሉም ኖርማል ነበር በሁለተኛው አንደኛው ቬንትሪክል 10 ከምናምን ሆነ። እኔም እንዳንቺ አበድኩ። ስለ ዘር (ጄኔቲክስ) ምክር ወደሚሰጥ ሐኪም ላኩኝ፣ ከሽርት ውሃ ምርመራ ልስራ አልስራ ከባለቤቴ ጋር ስንት ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ሰራሁ ኖርማል መጣ። ከዛ 32 ሳምንት አካባቢ የልጁን ጭንቅላት በኤምአርአይ አዩት፣ የሆድ ኤምአርአይ ነው መድኃኒት አይወጉሽም ዝም ብለሽ መተኛት ነው ትንሽ ድምፁ ይረብሻል። ባሩክ ሃሼም (እግዚአብሔር ይመስገን) ልጁ አሁን ጋን፣ መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው፣ ይሄዳል፣ ወሬው አያልቅም። ተወልዶም ለተወሰነ ጊዜ የጭንቅላቱን ዙሪያ በየክትባቱ ይለኩት ነበር፣ አንቺም ከወለድሽ በኋላ ክትባት ስትወስጂው ጭንቅላቱን ለኩልኝ በይ።

የማልስማማበት ነገር፣ አንዳንድ ሰው ሁሉንም ምርመራ ስሪ ይላል። ውጤቱ ውሳኔሽን የማይቀይረው ከሆነና ገንዘቡም የሚያስቸግርሽ ከሆነ ኤንአይፒቲው ግዴታ አይደለም። አልትራሳውንዱ ግን ግዴታ ነው ባይ ነኝ።


የመጀመሪያዬ_ነው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በተለይ የሶልያና እናት ያንቺን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት። እናት ዓለም እርስዎንም አመሰግናለሁ፣ ምርቃትዎን ወስጃለሁ።

ሬዚደንቱ እንዳለኝ ሳልጠብቅ በዛው ሳምንት አዲስ አበባ ሄድኩ። ያየችኝ ሐኪም በጣም ረጋ ብላ ነው ያየችኝ፣ ልጁ መጀመሪያ ጀርባውን አልሰጥ ብሎ ውጪ ወጥቼ ትንሽ ተራምጄ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ተገለበጠ። አከርካሪው እስከ ታች ታይቷል ቆዳው ተሸፍኗል ብላኛለች፣ ስክሪኑን ወደኔ አዙራ አሳይታኛለች። ሴሬቤለሙ ኖርማል፣ ኮርፐስ ካሎሰም አለ፣ ልቡን ለብቻው አይታ ኖርማል ብላለች። ውሃው አንዱ 10.6 ሌላው 8 ነው። ወንድ ነው። በ24፣ በ28 እና በ32 ሳምንት ትታያለሽ ብላኛለች።

አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። የደም ምርመራው ላይ ቶክሶፕላዝማ አይጂጂ ፖዘቲቭ አይጂኤም ኔጌቲቭ ይላል፣ ሲኤምቪም ተመሳሳይ ነው። ፖዘቲቭ የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ፣ ባለፈው ፋሲካ ክትፎ በልቻለሁ ያኔ ማርገዜን አላውቅም ነበር፣ ከሱ ይሆን እንዴ? ሐኪሟ ደህና ነው ብላኝ አልፋዋለች ግን እኔ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ሌላው የሽርት ውሃው ምርመራ ነው፣ ከፈለግሽ ይሰራል ካልፈለግሽ እንከታተላለን አለችኝ፣ ባለቤቴ አይሆንም ይላል እኔ ልቤ ሁለት ነው።


ራዲዮ_ሬዚደንት

በጣም ደስ ብሎኛል። አከርካሪው፣ ሴሬቤለሙና ኮርፐስ ካሎሰሙ ታይተው ኖርማል ከሆኑ መጀመሪያ ከነበርሽበት ቦታ በጣም ርቀሻል። አሁን ነው «ቀላል፣ ሌላ ነገር የሌለው» ማለት የሚቻለው።

አይጂጂ ፖዘቲቭ ማለት ሰውነትሽ ያንን ጥገኛ ድሮ አግኝቶት መከላከያ ሰርቷል ማለት ነው። እዚህ አገር አብዛኛው አዋቂ ፖዘቲቭ ነው፣ ጥሬ ሥጋ እንበላለን፣ ድመት ቤት ውስጥ አለ፣ ሰላጣው በደንብ አይታጠብም። የሚያሳስበው በእርግዝና ውስጥ አዲስ ሲይዝ ነው፣ እሱን የሚያሳየው አይጂኤም ነው፣ ያንቺ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። አይጂኤም ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል አቪዲቲ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል እንጂ ወዲያው አይፈረድም። ስለዚህ በክትፎው ራስሽን አትክሰሺ፣ እስክትወልጂ ግን ሥጋውን አብስለሽ ብዪ ምክንያቱም ጥሬ ሥጋ ሌላም በሽታ አለው። የሲኤምቪውም ትርጉም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፣ አይጂኤሙ ኔጌቲቭ መሆኑ ጥሩ ነው።

ስለ ሽርት ውሃው እኔ አልወስንልሽም። ለመወሰን የሚረዳሽ ይሄ ነው፣ ምርመራው ፅንስ የማስወረድ አደጋ አለው፣ ልምድ ባለው ሰው እጅ አደጋው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ የክሮሞዞም ችግር የመገኘት ዕድሉ ደግሞ መጀመሪያ ከጠቀስኩት 5 በመቶ ጋር ተነጻጽሮ ነው የሚታየው፣ ያንቺ 10.6 ስለሆነና ሌላ ነገር ስላልተገኘ ከዛ በታች ሊሆን ይችላል። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ «ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢመጣ ምን እናደርጋለን» የሚለውን መጀመሪያ ተነጋገሩ። ሁለታችሁም በምንም አይነት ለውጥ የለውም ካላችሁ መጠበቅ ይቻላል፣ ማወቁ ለዝግጅትም ቢሆን ይጠቅመኛል ካልሽ ደግሞ ሐኪምሽ ጋ ሁለታችሁም አብራችሁ ግቡ፣ ብቻሽን አትግቢ፣ እሱም ከሷ አፍ ይስማ።

ቀጣዮቹን አልትራሳውንዶች ከተቻለ እዛችው ሐኪም ጋ ታዪ፣ ሰውና ማሽን ሲቀያየር ሚሊውም ይቀያየራል። ከ12 በላይ ከሄደ ወይም በአጭር ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከጨመረ ኤምአርአይ ይታሰባል፣ ወደ 8 ከተመለሰም ክትትሉን አታቋርጪ። የ24ቱን ውጤት እዚሁ ጻፊልን።


የሶልያና_እናት

የኔ እህት እልል ነው ያልኩት። ለእናትሽ አሁን ንገሪያት፣ ደህና ወሬ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ወደ አዲስ አበባ ስትመላለሺ ማረፊያ ከቸገረሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ቤታችን ጠባብ ነው ግን ለአንድ ሌሊት ቦታ አናጣም።